አደይ አበባን በግቢ ማብቀል፤ ሥራው የሚጀምረው በኅዳር ነው

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባን የማያውቅ ሰው የለም። ሐምሌ ላይ ከአረም ለይቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በየግቢያችን ቡቃያው ብቅ ሲል አረም መስሎን እንነቅለዋለን። ከእጃችን ያመለጠውን ደግሞ አብቦ ሲያበቃና ደርቆ ሲያስጠላን፣ ዘሩ ሳይረግፍ አጭደን እንጥለዋለን። በዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከመንገድ ዳር በእስር ገዝተን ወደ ቤት እንገባለን። ደጃችን ላይ በነፃ ሊበቅል የሚችለውን አበባ የምንገዛው በእነዚህ በሁለቱ ችኮላዎች ምክንያት ነው።

አደይ አበባ ለአትክልተኛ ቀላል ተክል ነው ሲባል እውነት ነው፤ ግን ቅለቱ ጊዜውን ለሚያውቅ ነው። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ በክረምት ውኃ አያስቀዳም፣ ለም አፈር ካላገኘሁ አይልም። የሚፈልገው በወሩ እንዲዘሩትና በወሩ እንዳይነኩት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የዓመቱን ዙር ከዘሩ ጀምሮ ይከተላል።

በመጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ እንወቅ። አደይ የአንድ ወቅት ተክል ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በጸደይ ያብባል፣ ዘሩን ይጥልና ከነሥሩ ይሞታል። እንደ ጽጌረዳ በዓመቱ ከግንዱ አያቆጠቁጥም፤ እንደ ሽንኩርት አፈር ውስጥ የሚያቆየው ራስ የለውም። ከዓመት ዓመት የሚሻገርበት መንገድ ዘሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ዘር ሳይጥል የተነቀለ ግቢ፣ በአፈሩ ውስጥ የተረፈ አሮጌ ዘር ከሌለ በቀር፣ በሚቀጥለው መስከረም አደይ አያይም። ተክሉን መንከባከብ ማለት ከምንም በላይ ዘሩን መንከባከብ ማለት ነው።

እኛ አደይ አበባ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በብዛት የሚታወቀው ሳይንሱ ባይደንስ ማክሮፕቴራ የሚለው ነው፤ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕረስቲናሪያ የሚባሉት የቅርብ ዘመዶቹም በየአካባቢው በዚሁ ስም ይጠራሉ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የባይደንስ ዝርያዎች መርምረው ጥናታቸውን በ1984 እ.ኤ.አ. በስዊድን ኡፕሳላ አሳትመዋል። ዛሬም ባይደንስ ማክሮፕቴራ በሙሉ ሳይንሳዊ ስሙ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የእሳቸው ስም ይከተላል። ለአትክልተኛ ግን የዝርያ ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ አያያዛቸው አንድ ነው።

ከሩቅ ሲታይ አደይን ከሌሎች ቢጫ አበቦች ጋር መቀላቀል ቀላል ነው። በዚያው ሰሞን ኑግም ያብባል፣ ጎመን ዘርም ያብባል፣ በየማሳው ዳር መች የሚባለው አረምም ቢጫ ይለብሳል። ኑግና መች ቅጠላቸው ድፍን ነው፤ ዳሩ ጥርሳማ ቢሆን እንኳ አይከፋፈልም። የአደይ ቅጠል ግን እስከ መሐል ጅማቱ ድረስ የተሰነጣጠቀ፣ ስስና ቀጭን ነው። ጎመን ዘር ደግሞ አበባው በአራት ቅጠል የተሠራ ትንሽ ነገር ስለሆነ ቀርቦ ላየው አያሳስትም። በአደይ መካከል ያለችው ክብ እምብርት ራሷ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጥርቅም ነች፤ በዙሪያዋ የምናያቸው ቢጫ ቅጠሎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ፣ ንብን ለመጥራት የተዘረጉ ናቸው። ዘር የምትሰጠው እምብርቷ ነች።

አሁን ወደ ዘሩ እንግባ።

ጥቅምት ሲጋመስ ቢጫው መርገፍ ይጀምራል። እምብርቱ መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይለያዩና ጫፋቸው ወደ ውጭ ይበተናል። የሚሰበሰበው ያኔ ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ ይህ የሚሆነው ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ራስ ሲደርስ ሌላው ገና ያበበ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቀን ጨርሼ እሰበስባለሁ ብለው አይጠብቁ። በየተወሰነ ቀኑ ዞር ዞር እያሉ የደረሰውን ብቻ መልቀም ነው።

ጠል ካለፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። አንድ የደረቀ ራስ በመዳፍዎ ላይ ያድርጉና በአውራ ጣትዎ ሸርሸር ያድርጉት። ፍሬው ያለ ትግል ከወጣ ደርሷል፤ የሙጥኝ ካለ ጥቂት ቀን ይቆየው። መዳፍዎ ላይ የቀሩትን ቀርበው ይመልከቷቸው። የአደይ ዘር ከኑግ ፍሬ የተለየ ነው፤ ጠፍጣፋ ነው፣ በዳርና ዳሩም ስስ ክንፍ አለው። ልብስ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም የእሱ ዘር ቀጭንና ጫፉ እሾሃማ ነው። ከለቀሙት ውስጥ ጠቆር ያሉትና በጥፍር ሲጫኗቸው የሚጠነክሩት ሙሉዎቹ ናቸው። ነጣ ብለው የሚታጠፉት ገለባ ናቸው። ከአንድ ራስ ውስጥ ገለባው ቢበዛ አይደንግጡ፤ ከዱር ተክል የሚጠበቅ ነው። በሰፌድ ትንሽ ቢያንገዋልሉት ይለያል።

የለቀሙትን ወዲያውኑ አያሽጉ። በጋዜጣ ወይም በሰፌድ ላይ አስጥተው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሳምንት ያህል ያቆዩት። ከዚያ በወረቀት ፖስታ ወይም በጨርቅ ከረጢት ያስቀምጡ። ፌስታል የዘር ጠላት ነው፤ በውስጡ የቀረችው ትንሽ እርጥበት መውጫ ስታጣ ሻጋታ ታመጣለች። ፖስታው ላይ ዘሩ የተሰበሰበበትን ቦታና ወር ይጻፉ። ኩሽና ምድጃ አጠገብ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ፣ አይጥ የማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ እስከ ሰኔ ይቆያል።

ዘር ከየት ይምጣ ለሚል፣ መልሱ ቀላል ነው፤ ዘንድሮ ካበበበት። የመንገድ ዳር፣ የገደል አፋፍ፣ የዘመድ ማሳ ዳርቻ፣ ያልተገነባበት ቦታ። የሰው ይዞታ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። ከአንድ ቦታ ያለውን ሁሉ ጠራርገው አይውሰዱ፤ ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት መውሰድ ለቦታውም ለእርስዎም ይሻላል፤ ዘሩ ከተለያየ እናት ሲመጣ ግቢዎ ውስጥ የሚበቅለውም ጠንካራና የተለያየ ይሆናል። ደግሞ ከራስዎ አካባቢ አየር ጋር ከሚመሳሰል ቦታ ይውሰዱ። ከደጋ የመጣ ዘር ቆላ ወርዶ እንደ አገሩ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። አደይ የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ነው።

የሚዘራበት ጊዜ ሰኔ ነው፤ ክረምቱ መግባቱ ሲረጋገጥ። በበልግ ዝናብ መዝራት የሚያጓጓ ቢሆንም አይመከርም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበቀለ ለጋ ቡቃያ የግንቦት ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ካልጠጣ በስተቀር ይጠወልጋል። በሌላ በኩል እስከ ሐምሌ መጨረሻ ማዘግየት ተክሉን አጭርና ቅርንጫፈ ቢስ ያደርገዋል። ለእንቁጣጣሽ የመጀመሪያዎቹን አበቦች ማየት የሚፈልግ ከሰኔ አጋማሽ ባያሳልፈው ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ግን አደይ በሙላቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ወደ መስቀል ሲጠጋና ከዚያም ወዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን ግቢዎ ገና ጠቅላላ ቢጫ ካልሆነ አልተበላሸብዎትም።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ብዙ ሰው ለአበባ መደብ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ፍግ ነው። ለአደይ ይህን አያድርጉ። ዱር ውስጥ የሚያምርበትን ቦታ ያስታውሱ፤ ድንጋያማ ተረተር፣ የመንገድ ቁራጭ፣ የጠፋ ማሳ። ፍግ የበዛበት አደይ ቅጠልና ግንድ ያበዛል፣ ይረዝማል፣ ነሐሴ ላይ በዝናቡና በነፋሱ ይወድቃል፤ አበባውም ይዘገያል። ዩሪያማ ጨርሶ አይታሰብም። አፈሩ ደካማ ቢሆንም ውኃ የማያቁር ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም። ቀይ አፈር ላይ ችግር የለብዎትም። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ግን ክረምት ሲገባ ውኃው ስለሚተኛ ሥሩ ይታፈናል፤ እዚያ መደቡን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ነው። ሌላው የማይታለፍ ነገር ፀሐይ ነው። በዛፍ ጥላና በግንብ ሥር ሲበቅል ብርሃን ፍለጋ ይቀጥናል፣ አበባውም ይቆጠራል።

አዘራሩ ብዙ ጥበብ የለውም። መሬቱን በጥልቀት መቆፈር አያስፈልግም፤ አረሙን አንስቶ ላዩን በመኮትኮቻ ማላላት ይበቃል። ዘሩ ክንፍ ስላለው በነፋስ ይሄዳል፣ በእጅም እኩል አይበተንም፤ ስለዚህ ከሦስትና ከአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀው ይበትኑት። አሸዋው የትኛው ቦታ እንደተዘራ ለዓይንም ያሳያል። ከዚያ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ስስ አፈር ነስነስ ያድርጉበትና በእግር ወይም በጣውላ ረገጥ ረገጥ ያድርጉት። በጥልቀት የተቀበረ ዘር አይወጣም። ዝናቡ ለቀናት ከቆመ ላዩ እንዳይደርቅ በስሱ ውኃ ይርጩ፤ በባልዲ መድፋት ዘሩን ጠራርጎ አንድ ጥግ ያከማቸዋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የዱር ዘር እንደ ገበያ የሰላጣ ዘር በአንድ ቀን ተሰልፎ አይወጣም። ጥቂቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ጥቂቱ ይዘገያል፣ ጥቂቱ ጨርሶ ለሌላ ዓመት ይተኛል። ይህ ለተክሉ ብልሃት ነው፤ አንድ ክፉ ሰሞን ሁሉንም እንዳይጨርስበት። ለእርስዎ ያለው ትርጉም ደግሞ ሁለት ነው፤ ሲዘሩ አይሰስቱ፣ ሳይበቅል ቀረ ብለውም ቦታውን አይገልብጡ። ዶሮ ካለዎት ግን በመጀመሪያው ወር መደቡን በእሾህ ወይም በሽቦ ይጠሩ።

ሐምሌ አደገኛው ወር ነው። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ ሙጃው ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ አትክልተኛ ተጠርቶ ግቢው ይመነጠራል፤ አደይም አብሮ ይሄዳል። ቡቃያውን ለመለየት ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው አቀማመጡ ነው። የአደይ ቅጠሎች ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ከበቀለ በኋላ የሚከተሉት እውነተኛ ቅጠሎች ከለጋነታቸው ጀምሮ የተሰነጣጠቁ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቅንጨ አረም የሚባለው ፓርቴኒየም ነው፤ እሱም ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው። ልዩነቱ ፓርቴኒየም በልጅነቱ መሬት ላይ ክብ ሆኖ ተዘርግቶ መተኛቱና ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ አለመሆናቸው ነው። ፓርቴኒየም ቆዳ ስለሚቆጣ በባዶ እጅ አይንኩት። በግቢዎ የሚተከለው ኮስሞስም ቡቃያው አደይን ይመስላል፤ የኮስሞስ ቅጠል ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ጥርጣሬ ካለ መፍትሔው መተው ነው፤ አበባው ሲወጣ ሁሉም ይለያል።

ግቢዎን የሚያርም ሰው ካለ ይህን አስቀድመው ያሳዩት። በአራት ማዕዘን አራት ዱላ ተክሎ በገመድ ማጠር ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። የአረም መድኃኒት ግን አይርጩ። አርሶ አደሩ ቱ ፎር ዲ የሚለው መድኃኒት የተሠራው ጤፍና ስንዴን ትቶ ቅጠለ ሰፊ ተክሎችን እንዲያጠፋ ነው፤ ለአደይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በማሳ ዳር ቀድሞ እንደልብ የነበረው አደይ በየዓመቱ ሲሳሳ የምናየው አንድም በዚህ ነው፤ አንድም ከተማው ሜዳውን ስለበላው ነው።

ችግኙ አንድ ስንዝር ሲያህል ማሳሳት ያስፈልጋል። በአንድና በሌላው መካከል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። መንቀል የሚያሳዝን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተፋፍጎ የበቀለ አደይ ሁሉም ቀጭን ይሆንና አንዱም አያምርም። የሚያነሱትን ከነአፈሩ በማንኪያ ፈልቅቀው፣ ማምሻ ላይ ወይም ደመና ባለበት ቀን ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩት ይይዛል። ትልቅ ሆኖ፣ በተለይ ካበበ በኋላ፣ ከሜዳ ነቅሎ ግቢ ውስጥ መትከል ግን ከንቱ ድካም ነው። ሰው ይህን በየዓመቱ ይሞክራል፤ በየዓመቱም ይጠወልጋል።

እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጫፉን በጣት ቀንጠስ ቢያደርጉት ከጎን ያቆጠቁጣል፤ አንድ ረጅም ግንድ በመሆን ፈንታ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ አበባውም ይበዛል። ከዚያ ወዲህ መቀንጠስ አበባውን ስለሚያዘገይ ይተዉት። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ዙሪያውን ጥቂት እንጨት ተክሎ በሲባጎ ደገፍ ማድረግ ይበቃል። ስለ በሽታና ተባይ ብዙ የምለው የለኝም። ክሽክሽ ለጋ ጫፉ ላይ ሲሰፍር ይታያል፤ በውኃ ግፊት ማጠብ፣ ካልሆነም በሳሙና ውኃ መርጨት ነው። ቀንድ አውጣ ሌሊት ቡቃያ ይበላል፤ ማታ በባትሪ መልቀም ነው።

ካበበ በኋላ ከፊት የሚደርሰው እንግዳ ንብ ነው። በደጋው የመስከረምና የጥቅምት አደይ ለንብ ትልቅ ቀሰም ነው፤ ንብ አርቢዎች ከክረምት በኋላ ቀፎው የሚሞላበትን ጊዜ ከዚህ አበባና ከኑግ ጋር አያይዘው ነው የሚያውቁት። ራይንሃርድ ፊችልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥም ባይደንስ ቦታ አለው። ከተማ ውስጥ አንድ መደብ አደይ ያለው ሰው ንብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ረፋድ ላይ ደጁ ቆሞ የንቧ እግር ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ዱቄት ማየት ይችላል። በዚህ ሰሞን በአጠገቡ ባለው ጎመን ወይም ጽጌረዳ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ንቦቹን መግደል ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።

የረገፈውን ራስ እየቀነጠሱ ማንሳት የአበባውን ጊዜ ያራዝመዋል፤ ተክሉ ዘር እስኪያገኝ ድረስ ማበቡን አይተውም። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይህን ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ዝናቡ ስለቆመ አፈሩ ከሥር ከደረቀ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ውኃ ማጠጣት ዘሩ እንዲሞላ ይረዳል።

ከዚያ አስቀያሚው ጊዜ ይመጣል። ኅዳር ላይ መደቡ ቡኒ ግንድና የደረቀ ራስ ብቻ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ባለቤት ሊያሳጭደው ይፈልጋል፤ በተለይ የኅዳር ሲታጠን ጽዳት ሲመጣ። እባክዎ ይታገሱ። የሚፈልጉትን ያህል ዘር ለቅመው ካስቀመጡ በኋላ የቀረውን እዚያው ይርገፍ። ግንዱ ራሱ ሲወድቅ ሰብስቦ ማንሳት ይቻላል፤ ከማቃጠል ይልቅ መደቡ ላይ አራግፎ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ መጣል የተሻለ ነው። በበጋው ቦታውን ባይቆፍሩት በሚቀጥለው ክረምት ሳይዘሩት የሚበቅል አደይ ያገኛሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራዎ መዝራት መሆኑ ቀርቶ ማሳሳት ይሆናል።

ግቢ ለሌለውና ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰውም ይቻላል። አፉ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከሥሩ የተበሳ ማሰሮ፣ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። አፈሩን ከአሸዋ ጋር ይደባልቁ፤ በአንዱ ዕቃ ከሦስት በላይ ተክል አይተዉ። ትልቁ ጥያቄ በረንዳው ወዴት ያያል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ስለዚህ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ሐምሌ ላይ ትንሽ ብርሃን ቢያገኝም አበባው በሚያስፈልገው በመስከረምና በጥቅምት ጥላ ይውጠዋል። ከሁሉ የሚሻለው ምሥራቅ የሚያይ ነው፤ በክረምት ሰማዩ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ከቀትር በፊት ስለሆነ ያለችውን ፀሐይ እሱ ያገኛታል። ደቡብ የሚያይም ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ጥሩ ነው። ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ጣሪያ ከከለለው ዝናብ ስለማያገኝ በክረምትም ቢሆን ውኃ ማጠጣትዎን አይርሱ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ዘሩን ይዘን እንሂድ ወይ ነው። አትያዙ። ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ የዕፅዋት ዘር ይዞ ለመግባት የጤና ማረጋገጫ ሰነድ ይጠየቃል፤ በሻንጣ ተደብቆ የሄደ ፖስታ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። ሕጉ ደግሞ ያለ ምክንያት አልወጣም። ቅድም ያነሳነው የሰይጣን መርፌ መነሻው የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው፤ ዛሬ የእኛን ማሳ ጨምሮ በየክፍለ ዓለሙ አረም ሆኗል።

ደግነቱ እዚያም ዘመድ አለው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ለምትኖሩ፣ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ባይደንስ አሪስቶሳ በየመንገዱ ዳርና በየረግረጉ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ ያብባል። የአንድ ወቅት ተክል ነው፣ ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠል አለው፣ ከአደይ ጋር ጎን ለጎን ካልታየ መለየት ያስቸግራል። ዘሩን የአገር በቀል ዕፅዋት ዘር ከሚሸጡ ይገዙታል። ሁለት ነገር ግን ከአደይ ይለየዋል፤ እርጥብ መሬት ይወዳል፣ ዘሩም ለመብቀል የብርድ ወራትን ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ እዚያ የሚዘራው በረዶው ከመግባቱ በፊት ነው። በአውሮፓ ደግሞ በየአበባ መሸጫው በተንጠልጣይ ዕቃ የሚሸጠው ባይደንስ ፌሩሊፎሊያ፣ ከሜክሲኮና ከደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የመጣ ሌላ ዘመድ ነው፤ አነስ ይላል፣ አምስት ቅጠል አለው፣ በረንዳ ላይ ግን በጋውን ሙሉ ያብባል።

ወደ አደይ ስንመለስ፣ ለቤት ውስጥ የሚቆርጡ ከሆነ ማለዳ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈተውን ይምረጡ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ገፍፈው ወዲያው ውኃ ያስነኩት፣ ውኃውንም በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ሲቆርጡ ከግንዱ አጋማሽ ይቁረጡ እንጂ አይንቀሉ። ከአጋማሹ የተቆረጠ ተክል ከታች ካሉት ቅርንጫፎች ዳግም ያብባል፣ ዘርም ይሰጣል፤ የተነቀለው ግን የዚያ ቦታ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ነው።

ግዢም ላይ ይህንኑ ያስቡ። በመጪው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከመንገድ ዳር አደይ ሲገዙ የእስሩን ሥር ገልብጠው ይዩ። አፈር ያዘለ ሥር ካለው ይተዉት፤ በቢላ ወይም በማጭድ የተቆረጠውን ይግዙ፣ ለሚሸጡት ልጆችም ምክንያቱን ይንገሯቸው።